የሚጠፉ ዲስኮች

ባለሙያዋ አገልግሎት ያቆሙ የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራዩ) ዲስኮችን አንድ በአንድ መሰረዝ ቢሰለቻት፣ ይህንኑ የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ሠራተኞች በየዲስኩ የሚሞሉትን የመጨረሻ አገልግሎት ቀን ያነባል፤ ዓመት ያለፈውን ለስረዛ ያቀርባል።

«ከሠራልሽ፣ ሰኞ ለእህትሽ ምረቃ ጎንደር ትሄጃለሽ» አሏት አለቃዋ አቶ ለሜሳ።

ዝርዝሩ ወጣ። ከ142 ዲስኮች የሚሰረዙት 142 ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ መሥሪያ ቤቱን ልትዘጊው ነው?»

ደንግጣ አንዱን ዲስክ ከፈተች። የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ስንታየሁ የዛሬን ቀን አሳምረው ሞልተዋል፦ ሰኔ 12 ቀን 2017። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነበር።

አቶ ለሜሳ የፈቃድ ማመልከቻዋን አንሥተው አነበቡ።

«ከሰኔ 16 ቀን 2017 ጀምሮ ይሰጠኝ ትያለሽ። በፕሮግራምሽ ቆጠራ እኮ ፈቃድሽን ጨርሰሽ ከተመለስሽ ስምንት ዓመት ሊሞላሽ ነው!»