የላሜራው ጽሑፍ

ባትሪ ጠጋኙ ለአንድ እንግዳ ሰው አሲድ በጠርሙስ እየቀዳ «ለመኪናህ ነው?» አለው።

«ከላሜራ ላይ ጽሑፍ ላስለቅቅበት ነው።»

«ላሜራውንም ይበላልሃል። ብቻ ጓንት አድርግ፤ አለበለዚያ የቀለበት ጣት አይተርፍህም!» ብሎ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም።

በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን አሉ። የአንደኛው አፈር ገና አዲስ ነው። በሌላው ራስጌ «ወታደር ይርዳው ቸኮል» የሚል ስስ ላሜራ ቆሟል። ሰውየው ተንበርክኮ አሲዱን በፊደላቱ ላይ አንጠባጠበ። ብረቱ አረፋ ደፈቀ። ጢሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

የመቃብሩ ጠባቂ አባ ክንፉ ከዘራቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«አንተ ሰው! ምን እያደረግህ ነው? ሬሳው ባይመጣላት እናቱ ልብሱን ቀብራ ያቆመችለት ነው፤ ላሟን ሸጣ! እሷም ይኸው ባለፈው ወር አጠገቡ አረፈች።»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሟቹ ምን በደለህ?»

ሰውየው ከደረት ኪሱ መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣቸው። አባ ክንፉ ከዓይናቸው አራቁት፤ መልሰው አቀረቡት። ከዚያም በአረፋው መሐል የቀሩትን ፊደላት አንድ በአንድ ተመለከቱ። መታወቂያውን በሁለት እጃቸው መለሱለት።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ለነፍስህ ጸልያለሁ» አሉት ቀስ ብለው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጠርሙሱን እንደገና ዘቀዘቀ።