ከበጋ በኋላ ማደር ክልክል ነው

ትልቁን ልጃቸውን ሐይቁ ከወሰደው ሦስት ወር ሆኖታል፤ አስከሬኑ አልተገኘም።

ደሴቱ ላይ ያለችው ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ደንቡ የሚያውቃት የበጋ መዝናኛ ብሎ ነው። በጋው ሲያልቅ እዚያ ማደር ክልክል ነው፤ ነፋሱ ከተነሣ ጀልባ አይደርስምና። በጋው ካለቀ ዘጠኝ ቀን አልፏል። እናትየው ግን ንቅንቅ አላለችም። ማለዳ ማለዳ ጡት የሚጠባውን ልጇን አዝላ የደሴቱን ዳር ትዞራለች፤ ውኃውን ታያለች፤ ትመለሳለች።

ባሏ ባለፈው ሳምንት ከተማ ወርዶ የብርድ ምድጃ ይዞ ተመለሰ። ሲተክለው ልቧ አረፈ። አብሯት ሊከርም ቆርጧል ማለት ነው።

በአሥረኛው ቀን ጀልባ መጣ። ከቀዛፊው ኋላ ሜትርና ማኅደር የያዘ ሰው ወረደ።

"የመሬት አጠቃቀም ቢሮ ተቆጣጣሪ ነኝ" አለ። "እዚህ ሰው እየኖረ ነው የሚል አቤቱታ ደርሶናል።"

"ማነው የጻፈው?" አለች እናትየው።

"ስም የለውም።"

እናትየው ቀዛፊውን አየችው። በቀደም ዱቄት ሲያመጣ "እህቴ ውጡ፤ ኋላ ሬሳችሁን ነው የምለቅመው" ብሏት ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ገመድ ይፈታል፤ መልሶ ያስረዋል።

"አንተ!" አለችው። "እዚሁ ቤት ስትበላ ከርመህ?"

"ኧረ እህቴ! እኔ ስሜን እንኳ አጣምሜ ነው የምጽፈው።"

"ነገር ለማጣመም ግን አላነስክም።"

ተቆጣጣሪው ከውኃው ዳር እስከ ግድግዳው ለካ። ከዚያ የሕፃኑን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዕቃ እየሰበሰባችሁ ከሆነ ደንቡ ጥቂት ቀን ይሰጣል።"

"እየሰበሰብን ነው" አለች ፈጥና።

"ጥሩ። የብርድ ምድጃ እስካልተከላችሁ ድረስ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።"

"ተክለናል" አለ ባሏ። "ከመጋረጃው ኋላ ነው። እኔው ነኝ የተከልኩት።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተቆጣጣሪው ተነፈሰና ጻፈ። እናትየው ባሏን አፍጥጣ አየችው። ድሮም ውሸት አይሆንለትም፤ ያገባችውም ለዚሁ ነበር።

"ይሄ የዋህነትህ አንድ ቀን ይቀብረናል!"

ሕፃኑ ሳለ። ባሏ ቀና ብሎ ሕፃኑን አየው።

ጉዳዩ በዚያው ቀን ቢሮ ቀርቦ እንዲታይ ተባለ። ሁሉም በአንድ ጀልባ ተሻገሩ። ውኃው መናወጥ ጀምሯል።

መዝገብ ያዥዋ ሴትዮ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ፊርማ የሌለው አቤቱታ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም" አለች። "ተቆጣጣሪው ያየውም ቢሆን ያለ አቤት ባይ ዋጋ የለውም። የጻፈው ሰው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቀርቦ ካልፈረመ መዝገቡን እዘጋዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ በጋ የሚነካችሁ የለም።"

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ባልና ሚስት በአንድ ወገን፣ ቀዛፊው በሌላው። መስኮቱ በነፋስ ይንኳኳል። ሕፃኑ እየሳለ እንቅልፍ ወሰደው።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለችው ቀዛፊውን። "ተነሥና ፈርም እንጂ!"

"የምጠብቀው እናንተን ነው። ዛሬ እንደ ምንም አደርሳችኋለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን እስከ በጋ ወዲያ አልሻገርም፤ ልጆች አሉኝ።"

"እኔም ልጅ አለኝ። እዚያ ነው ያለው።"

ቀዛፊው ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲሆን ብድግ አለ። እናትየው በዓይኗ ተከተለችው። እሱ ግን ጠረጴዛውን አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

"ጀልባዋን ላሰናዳ" አለና ወጣ።

መዝገብ ያዥዋ ማኅደሩን ለማጠፍ እጇን ዘረጋች። እናትየው ከሦስት ወር ወዲህ ጥርሷ ታይቶ አያውቅም፤ አሁን ሳቀች።

"ፈሪ! ፊት ለፊቴ መፈረም አቃተው።" ሕፃኑን አዘለች። "ተነሣ" አለችው ባሏን፤ "ወደ ልጃችን እንሂድ።"

ባሏ ተነሣ፤ ከሴትዮዋ እጅ እስክሪብቶውን ወሰደና "አቤት ባይ" ከሚለው ፊት ለፊት ፈረመ።