የአያ ቢራራ በረዶ

መብራቱ እልም ሲል ፀጋው ጭንቅላቱን ያዘ። «አለቀልን!»

ሕሊና ከወንበሯ አልተነሣችም። ደባርቅ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ መብራት ሄደ ብሎ መደንገጥ፣ ገበሬ ሆኖ ክረምት ገባ ብሎ እንደ መደንገጥ ነው። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቀለችና ላፕቶፗን ሳበች።

የፀጋው ፊልም ዛሬ ማታ በከተማው አዳራሽ ይታያል። አባቱ አያ ቢራራ ገብሳቸውን በረዶ የመታባቸውን ቀን በገዛ ማሳቸው ቆመው ተውነውታል፤ ቀረጻው በጠራራ ፀሐይ ስለነበር በረዶውን በኮምፒውተር የምታወርደው ሕሊና ናት። ሽማግሌው ታዲያ ምለዋል፦ «እንደወረደው ካልሆነ፣ ጊዮርጊስን፣ ፊቴን ለሰው አታሳዩ!» አሁን ከሁለቱ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ድብ ባሕር የሚወስዳቸው መኪና ሳይሄድባቸው አይተው መፍረድ አለባቸው።

ፀጋው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ምሳ ስትሄጂ ኮምፒውተሩ ላይ የበረዶውን ነፋስ ነካክቼዋለሁ።»

«ምን ያህል?»

«መጀመሪያ ትንሽ። በረዶው ንቅንቅ አልል አለኝ፣ ጨመርኩ። አሁንም እምቢ። ከዚያማ እስከ ጥግ ወሰድኩት።»

ሕሊና ሳቋ አመለጣት። በፕሮግራሙ ውስጥ ኖድ የሚሏቸው ትንንሽ ሣጥኖች በመስመር ተያይዘዋል፤ አንዱ ነፋሱን፣ አንዱ የበረዶውን ጠጠር ይይዛል። እሷ ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ሲያሰላ የዋለውን በረዶ ያለቀለት ምስል አድርጋ ዲስኩ ላይ አስቀምጣ፣ የመጨረሻው ሣጥን ነፋሱን ትቶ ከዚያው እንዲያነብ አድርጋለች። ፀጋው እህሉ ጎታ ከገባ በኋላ ባዶ አውድማ ላይ ሲያናፍስ ነው የዋለው።

«ሴቭ አደረግከው?»

«ፈርቼ ተውኩት።»

«እንግዲያ ያበላሸኸውን መብራቱ ይዞልህ ሄዷል። በረዶው እዚህ ነው።» ዲስኩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። «አያ፣ ይምጡ ይዩት።»

ስክሪኑ ላይ ከሊማሊሞ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ሰያፍ እየተወረወረ ወረደና ገብሱን ከመሬት አጋደመው። አያ ቢራራ ሳያውቁት ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሕሊና ይህን ስታይ ልቧ በደስታ ሞላ፤ ፍርዱን ገና ሳይናገሩ ሰምታዋለች።

«ልጄ፣ ነገም ቢከፍቱት እንዲሁ ነው የሚወርድ?»

«አንዲት ጠጠር አትጎድልም አያ። ተቀምጧል።»

«እንግዲያ ፊቴን አሳዩ።» ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «ለናትህ ለወርቄም አሳይልኝ። ያን ለት እናቷ ዘንድ ነበረች። ‹አንተው ሳታጭድ ቆይተህ እንጂ፣ በረዶ እንዲህ አይፈጅም› ስትለኝ ይኸው አረጀሁ።»

ከውጭ የድብ ባሕር መኪና ጡሩንባውን ነፋ። አያ ቢራራ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እስቲ ድገሚው።»