የዶክተር ጂያን ማራገቢያ

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

የዚያን ዕለት ዶክተር ጂያን ቦወን ሦስት ዓመት የለፋበት የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ በሲንቹው ከተማ ፋብሪካ፣ በገዢዎች ፊት ሊፈተን ነበር። ካርዱ እንደ ምድጃ ይግላል። ሌሎች ሦስት ማራገቢያ ደርድረውበት አልቻሉትም። ጂያን ከማሽኑ ክዳን ሥር ሆና አየር በምትስብ አንዲት ማራገቢያ ከሰባ ዲግሪ አያሳልፈውም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፤ ጂያን ለሁሉም ነግሯል።

በላቦራቶሪው እያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ እሽግ የበቆሎ ብስኩት ይቀመጣል፤ ማሽኑ እንዳያምፅ ነው። እሽጉ አረንጓዴ መሆን አለበት። ጊዜው ካለፈ ይቀየራል፤ አይበላም። ዶክትሬት ያላቸውም ያስቀምጣሉ፣ ከጂያን በቀር።

ጂያን የሚያስቀምጠው ወረቀት ነው። «ኩባያዬን ያነሳው ማን ነው?» «መስኮቱን የከፈተው ማን ነው?» መጸዳጃ ቤት ሳይቀር ይለጥፋል። መልስ የሰጠው ሰው ግን የለም።

ያን ጠዋት ካርዱ ያለበት ማሽን ላይ አረንጓዴ እሽግ አገኘ። ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። አንድ ወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ ባለው የአየር ወንፊት ስንጥቅ ሰካና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሲመለስ ወረቀቱ የለም። ቴክኒሻኑ ሊያኦ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያፏጫል።

«አስነስቼልዎታለሁ፣ ዶክተር።»

«ወረቀቴስ?»

«የቱ ወረቀት? ይልቅ እሽጉ የት ሄደ?»

«ጣልኩት።»

ሊያኦ ፊቱ ነጣ። «ኧረ ዶክተር! በዛሬ ቀን?»

በአራተኛው ደቂቃ ካርዱ መቶ ስድስት ዲግሪ ደርሶ ድርግም አለ። ገዢዎቹ ምሳ እንብላ ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።

ዳይሬክተር ፋን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እሽጉን የጣለው ማን ነው?» ምክንያቱ ታወቀ ተባለ። ማሽኑን የሚከፍት ደፋር ጠፋ፤ እንዳለ ታሽጎ መጋዘን ገባ። ዶክተር ጂያን ወደ ካርቶን ክፍል ተዛወረ። ቦታውን ሊያኦ ያዘ።

ጂያን ካርቶን እየለጠፈ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ጻፈ። «ማሽኑ ይከፈት። ማን እንዳበላሸው ይታያል።» ፋን አንዱንም ሳትመልስ ጡረታ ወጣች። አዲሱ ዳይሬክተር ደብዳቤው ሰለቸውና ፈቀደ።

ሠራተኛው ሁሉ መጋዘን ተሰበሰበ። ሊያኦ መፍቻ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ላይ አረንጓዴ እሽግ አስቀመጠ።

«አሁንም ትፈራለህ?» አለ ጂያን።

«እኔማ እፈራለሁ። እርስዎ ነዎት የማይፈሩት።»

«ፍታው! ሥራህን ሰው ይየው።»

ክዳኑ ተነሳ። የማራገቢያዋን አፍ አንድ ወረቀት ጥርቅም አድርጎ ደፍኗል። ጠርዙ በሙቀት ቡናማ ሆኗል።

ጂያን ሁለት እጁን አነሳ። «ይኸው! አላልኩም? ትንፋሽ አሳጥተው ገደሉት! ዘጠኝ ዓመት! አንብበው ሊያኦ፣ ጮክ ብለህ፣ ሁሉም ይስማ!»

ሊያኦ ወረቀቱን ላጠ። አቧራውን እፍ አለና አነበበ፦

«ማሽኔ ላይ እሽግ ያስቀመጠው ማን ነው? መልስ እፈልጋለሁ። ዶክተር ጂያን።»