ምስክሯ ሰጎን

ኃይለ ማርያም ውሸታም ሰው ሲያይ ምግብ አይወርድለትም። ከውሸታም ሁሉ የባሰበት ደግሞ ተስፋዬ ነው።

አሜሪካ፣ ካሮልተን ከተማ ውስጥ ሐበሻ አረጋውያን የሚውሉበት ማእከል አለ። ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ የድሮ የአሜሪካን ኮሜዲ ይታያል፤ ፊልም ገና አፉን በፈታበት ዘመን የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፁ የሚንጫጫ። እዚያ ከሚውሉት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰማ ብዙ የለም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ የነዳው ተስፋዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል።

ምን ብሎ? ሙሽሪት ቀለበቷን ሰጎን አጎረሰች ብሎ። ሙሽራው ሰጎኗን ከሰሳት፣ ዳኛው አስማላት፣ እሷም የዳኛውን መዶሻ ዋጠች ብሎ። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል።

ኃይለ ማርያምን ያቅለሸልሸዋል። እሱ እኮ አዲስ አበባ እንግሊዞች መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ማእከሉ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል። ከኢንሹራንስ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ይዞለት ይመጣል፤ እሱም መነጽሩን እየረሳ ነርስ የሆነችው ልጁ ቤት ይወስደዋል እንጂ በማግስቱ አንድ ሳያስቀር ያስረዳል። ሰጎን ማለች ተብሎ ለእሱ ይወራል?

ደግሞስ አሜሪካን የሚያህል አገር፣ ስንት የተማረ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰጎን ፍርድ ቤት ያቆማል? ምን ዓይነት ቅሌት ነው! ታክሲ ነጂው ከሆዱ እያወጣ ነው፤ እነዚህ ምስኪኖች ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይውጡለታል።

ይህም ባልከፋ። ሚስቱ የሺሃረግ ግን እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። አርባ ሁለት ዓመት ሲኖሩ እሱ ሲያወራ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ባለፈው ረቡዕ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እንግሊዝኛውንስ ተስፋዬ ነው የሚችለው አለችው።

በነጋታው ህይወት ቢሮ ገባ። ህይወት የማእከሉ ኃላፊ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ ዴንተን ኮሌጅ የተማረች ልጅ። ረቡዕ ከሰዓት በወረቀት ሥራ ስለምትጠመድ ፊልሙን አይታው አታውቅም። ተስፋዬ ሽማግሌና አሮጊቱን እንደ ሕፃን እያሞኘ መሆኑን፣ ይህ ነውር መቆም እንዳለበት፣ እሱም ቦታውን ተክቶ ለመተርጎም ፈቃደኛ መሆኑን አስረዳት። ታዲያ ፊልሙ በትክክል የሚለው ምንድነው ብላ ጠየቀችው። ዝርዝሩ ለሴት ልጅ ጆሮ አይመችም አላት።

ልጅቷ ደነገጠች። በሚቀጥለው ረቡዕ ራሷ መጥታ ቼክ እንደምታደርግ፣ ውሸት ከሆነ ተስፋዬ ሁለተኛ እዚያ እንደማይቆም ነገረችው።

ረቡዕ ኃይለ ማርያም ክራቫት አስሮ መጣ። የሺሃረግን ከፊት አስቀመጣት። ከዛሬ ጀምሮ የእሱን ድምፅ እንድትሰማ ነው የፈለገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ተስፋዬ ወሬው ደርሶት ነበርና ላብ አጥምቆታል። እንደዚያም ሆኖ አላረፈም። ሴትዮዋ የፈታችውን ባሏን ለአዲሱ ሠርጓ ሚዜ አደረገችው አለ። የተፈታው ባል ደግሞ ከቄሱ ጋር ልብስ ተለዋውጦ፣ መልሶ ለራሱ አጋባት አለ።

በቄስ ሊቀልድ! ኃይለ ማርያም ምራቁን መሐረቡ ላይ ተፋ። የሺሃረግ ጎኗን ይዛ ትስቃለች። አስጠላችው፤ የገዛ ሚስቱ አስጠላችው።

ዞር ብሎ ህይወትን አያት። ከኋላ ተቀምጣ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አዘነላት። በራሷ ቤት ይህን ጉድ መስማት ለማንም ቢሆን ይከብዳል።

ፊልሙ አለቀ። ህይወት ተነስታ ወደ ፊት መጣች። ተስፋዬ አንገቱን ደፋ። ኃይለ ማርያም ሊቆም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ የሺሃረግም ዞራ ታየው ጀመር።

«ጋሽ ኃይለ ማርያም» አለች ህይወት፤ «ጋሽ ተስፋዬ እኮ ቃል በቃል ነው የተረጎሙት፤ ሶ እርስዎ ምን ሲል ሰምተውት ነው?»