ባለአራት አንቴናው

ባሏን አስናቀን ሸሽታ፣ ልጇን ይዛ አዳማ ከገባች ወዲህ የበር ኳኳታ በሰማች ቁጥር ልቧ ይርዳል። «የገባሽበት ብትገቢ አለቅሽም» ብሎ ዝቶባታል፤ ከተማ ለከተማ እየዞረ እንደሚፈልጋትም ታውቃለች። ሲም ካርዷን ጥላለች። ያለችበትን ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

ራውተር ልትገዛ ስትሄድ ባለአራት አንቴናውን መረጠች።

«እሱማ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ ለአንድ ክፍል ቤት ምን ያደርግልሻል?» አላት ባለሱቁ።

«ልጄ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ እንዳትወጣብኝ ነው።»

ሊገጥምላት የመጣው ቴክኒሻን ጨዋታ ወዳድ ነበር። «በይ እህቴ፣ ለዋይፋዩ ስም እናውጣለት፤ ክርስትና ላነሣው ነው!» አላት። ሳቅ እንዳልመጣላት ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በፊት ቤታችሁ ዋይፋይ ነበራችሁ? ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደዚያው ካደረግነው፣ ስልኮቻችሁ ሳትነኳቸው ራሳቸው ይገናኛሉ።»

የሚቀለውን መረጠችና የድሮውን ነገረችው።

እንዳለውም ስልኳ ወዲያው ተገናኘ። የልጅቷም ታብሌት ተከተለ። ልጅቷ ካርቱኗ ሲከፈትላት አጨበጨበች፤ እናትየውም አዳማ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቴክኒሻኑ በስልኩ ግንኙነቱን እየተመለከተ ነበር።

«አስናቀ የሚለው ደግሞ የባለቤትሽ ስልክ ነው?» አላት ደስ ብሎት። «እሱም ራሱ ገባ። መጀመሪያ ሲግናሉ ደከም ብሎ ነበር፤ አሁን ግን እየጠነከረ መጣ።»