ቀዩ ክር

«እማዬ፣ በፈጠረሽ አታንብቢው» አልኳት። እሷ ግን መጽሐፉን ከትራሷ ሥር አውጥታ መነጽሯን አደረገች።

በእኛ ዘመን ልቦለድ አንብቦ የጨረሰ ሰው ታሪኩን በዓይኑ እንዳየው አድርጎ ያስታውሰዋል። ስለ ነገሩ የነበረው የቀድሞ ትዝታ ይጠፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። ስለ ሚኒስትሩ ግድያ የተጻፉት ልቦለዶች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ አብሯቸው የሞተው ሾፌር፣ አባቴ ወንድይፍራው፣ ከገዳዮቹ ጋር የዶለተ ከሃዲ ነው።

እውነቱን የምናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነን። የዚያን ቀን ጠዋት የአባዬ ኮት ቁልፍ ተበጠሰ። እማዬ ጥቁር ክር ብታጣ በቀይ ሰፋችለት። እስክትጨርስ ረፈደበትና ሚኒስትሩን በአቋራጭ ይዟቸው ሄደ። አቋራጩ ላይ ሌላ ሰው የሚጠብቁ ታጣቂዎች አድፍጠው ነበር። እማዬ «ምነው እጄን በቆረጠው» እያለች አረጀች።

«እዚህ ውስጥ እኮ ያወራል፣ ይስቃል» አለችኝ መጽሐፉን እየዳበሰች። «ድምፁ ጠፍቶብኛል፣ ልጄ።»

«ከሃዲ ሆኖ ነው የሚያወራው!»

«ይሁን። እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ከመኖር ይሻለኛል።»

ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቀው እፎይታ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከአስከሬኑ ጋር የተሰጠንን ኮት አወጣች። ቁልፉን በጣቶቿ ይዛ ብዙ አየችው።

«ይህን በቀይ ክር የሰፋችለት ሴት ማን ነበረች?» አለችኝ።